ያነሱትን ይዞ መመለስ

አማርኛ ለፎቶግራፍ የሰጠው ግሥ «ማንሳት» ነው። የወደቀ ሰው ይነሳል። የተረሳ ሰው ስሙ ይነሳል። መንገድ ላይ የወደቀ ሳንቲምም ይነሳል፤ ተነስቶም ኪስ ይገባል። ግሡ አንድ ሲሆን ሥራው ግን ሦስት ነው። ካሜራ ያነገተ ሰው አንድ የማያውቀውን ሰው ፎቶ ሲያነሳ ከሦስቱ የትኛውን እያደረገ ነው? ደግፎ እያቆመው ነው? ስሙን እያስጠራለት ነው? ወይስ እንደ ሳንቲሙ ወደ ኪሱ እየከተተው?

«ፎቶግራፍ ሰውን ከሰው ያገናኛል» የሚለው አባባል በየዐውደ ርዕዩ መክፈቻ ላይ ይነገራል። እኔም ብዙ ጊዜ አጨብጭቤለታለሁ። እንዴት እንደሚያገናኝ ያስረዳ ተናጋሪ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። በዚህ ጽሑፍ ላደርግ የምሞክረው ይህንኑ ነው፦ ከሥራው የትኛው ክፍል ሰውን እንደሚያቀራርብ፣ የትኛው እንደሚያራርቅ፣ ዓላማ የሚባለው ነገርስ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ግንኙነቱ የሚፈጠረው የካሜራው ቁልፍ በሚጫንበት ቅጽበት አይደለም። ያ ቅጽበት አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ በዚያች ጊዜ ማንም ከማንም ጋር አይወዳጅም። የሚፈጠረው ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ፣ ይበልጡን ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ያነሳውን ይዞ ሲመለስ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሌንስ ሒሳብ

ከሒሳብ እንጀምር። የአንድ ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ ማንሳት ፈለግን እንበል። ከደረቱ በላይ ያለው አካሉ ከጭንቅላቱ በላይ ከሚተወው ክፍት ቦታ ጋር ተደምሮ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ካሜራችን 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ማለትም የጥንቱን ፊልም የሚያህል ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር አለው፤ ካሜራውን ወደ ጎን አዙረን በቁመቱ ይዘነዋል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ የምናነሳ ከሆነ ከሰውየው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀን መቆም ይኖርብናል። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ርቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ሦስት ሜትር ተኩል እንርቃለን። (ቁጥሩ ያነሰው «አጭር»፣ የበዛው «ረጅም» ሌንስ ይባላል።)

አሁን ካሜራውን እንርሳውና ርቀቶቹን ብቻ እንያቸው። 60 ሴንቲ ሜትር የሹክሹክታ ርቀት ነው። የሰውየውን ትንፋሽ ትሰማለህ፤ እሱም ያንተን ይሰማል። እዚያ ድረስ ሳያስፈቅድ የሚጠጋ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ሐኪም። አንድ ሜትር ተኩል የወግ ርቀት ነው፤ ሁለት ሰዎች ሳያንሾካሹኩም ሳይጮኹም የሚነጋገሩበት። ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ግን ማውራት ያስቸግራል፤ ሰው ሳያውቅ ማንሳት ደግሞ ይቀላል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ጠዋት ሌንሱን መርጦ ሲወጣ፣ ያን ቀን ሰው ያናግር ወይም አያናግር እንደሆነም ሳያውቀው ወስኗል ማለት ነው። በሰዎች ሕይወት ላይ ለዓመታት የሠሩ ብዙ ባለሙያዎች በ35 እና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚወሰኑት ከዓይን እይታ ጋር ስለሚቀራረብ ብቻ አይደለም። አጭር ሌንስ ፈቃድ ሳይጠይቁ የማያሠራ መሣሪያ ስለሆነ ጭምር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። «አጭር ሌንስ አፍንጫ ያስረዝማል» ይባላል። አፍንጫውን የሚያስረዝመው ሌንሱ አይደለም፤ ቅርበቱ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ላይ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ይቀርባል፣ ስለዚህ ጎልቶ ይታያል። በዓይንህም ያን ያህል ተጠግተህ ብታየው ያው ነው። ልዩነቱ፣ ያን ያህል የቀረበን ሰው ዓይናችን ሳይታዘብ ያልፈዋል፣ ካሜራ ግን አያልፈውም።

ረጅም ሌንስን እየኮነንሁ አይደለም። ለወፍና ለስፖርት ያለ እሱ አይሆንም። ሰውን በተመለከተ ግን ምን እየሸሹ እንደሆነ አውቆ መጠቀም ይሻላል።

የመሣሪያው ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። ሮሊፍሌክስ የተባለው ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ሆድ ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው። ፎቶግራፍ አንሺው እጅ እንደሚነሳ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፣ ፊቱም አይሸፈንም። ተነሺው የሚያየው አጎንብሶ የሚሠራ ሰው እንጂ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነጣጥር ሰው አይደለም። ሪቻርድ አቬዶን ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ የጉልበት ሠራተኞችን ሲያነሳ የተጠቀመው በእግር የሚቆም ግዙፍ ካሜራ ነበር። ፊልሙ ከገባ በኋላ በዚያ ካሜራ ውስጥ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ አቬዶን ከካሜራው ጎን ቆሞ ከተነሺው ጋር ፊት ለፊት ይተያይ ነበር። ዘመናዊው ካሜራ ፈጣንና ቀላል ሲሆን ያጣነው አንዱ ነገር ይህ ነው፦ መሣሪያው አስገድዶ የሚያመጣው መተያየት። ዛሬ ያን የሚፈልግ ሰው ካሜራውን በራሱ ፈቃድ ከፊቱ ማውረድ አለበት።

«ለማን ነው?»

ካሜራ ሰበብ ነው። አንድ ሰው ከማያውቀው ሰው ፊት ቆሞ «ደህና አድርጌ ላይህ እፈልጋለሁ» ቢል ያስደነግጣል። ካሜራ ከያዘ ግን ለመጠየቅ ምክንያት አለው፤ የተጠየቀውም የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ግልጽ ነገር ያገኛል። ዓይን አፋር ሰዎች ወደዚህ ሙያ የሚሳቡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1863 መጨረሻ የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ ነው። ስጦታው ከልጇና ከልጇ ባል ነበር፤ ብቸኝነቷን ትረሳበት እንደሆነ ብለው የሰጧት። እሷም በእንግሊዟ ዋይት ደሴት የዶሮ ቤቷን ወደ ስቱዲዮ ለወጠችው። የቤት ሠራተኛዋን፣ የጎረቤት ልጆችን፣ ቤቷን የሚያንኳኩ እንግዶችን፣ ጎረቤቷን ባለቅኔውን ቴኒሰንን ሳይቀር እያስቀመጠች አነሳች። በዚያን ዘመን ፎቶ በሚነሳበት የመስታወት ሰሌዳ ላይ የተቀባው ኬሚካል ብርሃንን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይወስድ ነበር። ተነሺውም አንሺዋም ያን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊት ይቆያሉ። ለብቸኛ ሰው ይህ እንደ ጉድለት የሚታይ አይመስለኝም።

ይሁንና ሰበብ ሰበብ ብቻ ነው፣ በር ያስከፍታል እንጂ ወንበር አያስገኝም። ከዓመታት በፊት የአንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ እጆች ለማንሳት ፈቃድ ጠየቅሁ። ዓይናቸው ላይ የሰኳትን ትንሽ ማጉሊያ ሳያወልቁ በሌላኛው ዓይናቸው አዩኝና «ለማን ነው?» አሉ። «ለምን» አላሉም። የምመልሰው ጠፋኝ። ለራሴ ነው እንዳልል አፈርሁ፤ ለሌላ ሰው ነው እንዳልል ሌላ ሰው አልነበረም። «ለእርስዎም አመጣለሁ፣ ጋሼ» አልሁ፣ አፌ እንዳመጣልኝ። «እንግዲያው አንሳ፣ ልጄ» ብለው ወደ ሰዓቱ ተመለሱ።

«ለማን» የምትለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም። ስለ ፎቶግራፍ ዓላማ የሚጻፈው ሁሉ «ለምን» ላይ ያተኩራል፤ ለለውጥ፣ ለፍትሕ፣ ለጥበብ፣ ለትውስታ። እነዚህ መልሶች ለመናገር ስለሚያምሩ ማንንም አያስጨንቁም። «ለማን» ግን ስም ይጠይቃል።

ሁለት አንሺዎች

ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ለአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራች በካሊፎርኒያ ስታልፍ፣ ኒፖሞ በተባለ ቦታ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር መኖሩን የሚያመለክት ጽሑፍ አየች። አልፋው ሄደች። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳች በኋላ ሐሳቧን ቀይራ ተመለሰች። አዝመራው በውርጭ ስለተመታ ሥራ አልነበረም። ከሸራ ድንኳን ሥር ልጆቿን ይዛ የተቀመጠች አንዲት እናት አየች፤ እየተጠጋች እየተጠጋች ጥቂት ፎቶዎች አንስታ ሄደች። ስሟንም ታሪኳንም እንዳልጠየቀቻት ላንግ ራሷ በኋላ ጽፋለች። የጠየቀችው ዕድሜዋን ነው፤ 32 ነበር።

ፎቶው በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። መንግሥት ወደ ሰፈሩ 20,000 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ቶን ያህል ምግብ ላከ። እናትየዋና ልጆቿ ግን ምግቡ ሲደርስ ሰፈሩን ለቀው ሄደው ነበር። ፎቶው «ስደተኛዋ እናት» ተብሎ በዓለም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ሆነ፤ እሷ ግን ለአርባ ዓመታት ስም አልነበራትም። በ1978 ጋዜጠኛ ሲያገኛት ስሟ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኑ ታወቀ። ባልተነሳሁ ኖሮ ብላ እንደምትመኝ፣ ከፎቶው ሰባራ ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች። እንደ እሷ አባባል ፎቶግራፍ አንሺዋ አልሸጠውም ብላት ነበር። ቅጂ እልክልሻለሁም ብላት ነበር፤ አልላከችም።

እኔን የሚይዘኝ የመጨረሻው ነው። ስለ ድህነቷ ወይም ስለ ዝናው ከምትናገረው ይልቅ፣ ያ ያልተላከ ቅጂ ከአርባ ዓመት በኋላም ከአእምሮዋ አልወጣም።

ላንግን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። «ለማን» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ነበራት፦ ለመንግሥት፣ በመንግሥት በኩልም ለተራቡት። መልሱም ሠርቷል፤ ምግቡ ሰፈሩ ደርሷል። ፎቶው የማይተዋወቁ ሰዎችን አገናኝቷል። ያላገናኘው አንሺዋን ከተነሺዋ ነው። ታሪኩ እዚያም ላይ አላበቃም። በ1983 ቶምፕሰን ታማ ልጆቿ የሕክምና ወጪ ሲቸግራቸው ሕዝብ እርዳታ እንዲያደርግ ተጠየቀ፤ ፎቶውን የሚያውቁ ሰዎች ከ30,000 ዶላር በላይ ላኩ። ከገንዘቡ ጋር ደብዳቤዎች መጡ። እስከዚያ ድረስ ፎቶውን እንደ እርግማን ይቆጥሩት የነበሩት ልጆቿ ደብዳቤዎቹን ካነበቡ በኋላ አመለካከታቸው እንደተለወጠ ተናግረዋል። አንድ ፎቶ ከ47 ዓመት በኋላ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ወደ ተነሺው ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን እንይ። ሚልተን ሮጎቪን በኒው ዮርክ ግዛት በባፋሎ ከተማ መነጽር የሚያዝ የዓይን ባለሙያ ነበር። በ1957 በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ በምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ለጥያቄዎቹ መልስ አልሰጥም አለ። የከተማው ጋዜጣ ስሙን አጠፋው፣ ደንበኞቹም ራቁት። አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ነው ወደ ካሜራ የዞረው። ከ1972 ጀምሮ ከቢሮው ብዙ በማይርቅ አንድ ድሀ ሰፈር ውስጥ ነዋሪዎቹን ማንሳት ጀመረ። መጀመሪያ በጥርጣሬ ነው ያዩት፤ ካሜራ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ ማን ልኮት ነው?

የሮጎቪን ዘዴ አሰልቺ እስኪመስል ድረስ ቀላል ነው። ይጠይቃል። ሰውየው የት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚቆም፣ ከማን ጋር እንደሚቆም ራሱ ይወስናል፤ ሮጎቪን የሚለምነው ወደ ካሜራው እንዲያይ ብቻ ነው። ከዚያ ያጥባል፣ ያትማል፣ ይዞላቸው ይመጣል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከባለቤቱ ከአን ጋር ወደዚያው ሰፈር ተመልሶ የድሮ ተነሺዎቹን ፈልጎ እንደገና አነሳቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሦስተኛ ጊዜ። በ2000 ገደማ፣ ዘጠና ዓመት አልፎት፣ አራተኛ ጊዜ። በአንዱ ፎቶ ነፍሰ ጡር የነበረች ሴት በሌላው ልጇን ይዛ ትታያለች፤ በሌላው ደግሞ ልጁ ቁመቱ በልጧታል። አንዳንዱ ረድፍ ላይ ባል ይጎድላል። አንዳንዱ ላይ ሰውየው ከስካር ወጥቶ ጸድቶና ቀና ብሎ ቆሟል።

እነዚህን ረድፎች በአንድ ጊዜ ጉብኝት ማንሳት አይቻልም፤ በምንም ዓይነት ጥበብ፣ በምንም ዓይነት ካሜራ። ፎቶዎቹን ያስገኘው ግንኙነቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን በተቃራኒው ነው፤ ጥሩ ፎቶ አንሳ፣ ግንኙነቱ ይከተላል እየተባለ። ሮጎቪን በ2011 ሲሞት 101 ዓመቱ ነበር።

የሰደርያው ቁልፎች

ዓላማን በተመለከተ የሉዊስ ሃይንን ያህል የሚያስተምር ሰው አላውቅም፤ የሚያስተምረውም በፎቶዎቹ ውበት አይደለም። ሃይን መምህር ነበር። በ1908 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ ፎቶግራፍ አንሺ አድርጎ ቀጠረው፤ ሥራው በፋብሪካ፣ በማዕድን ጉድጓድና በጥጥ መፍተያ የሚሠሩ ሕፃናትን ማስረጃ መያዝ ነበር። የፋብሪካ ባለቤቶች ስለማያስገቡት የመጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ የፖስት ካርድ ነጋዴ፣ አንዳንዴም የእሳት አደጋ መርማሪ መስሎ ይገባ ነበር። ሕፃኑን አጠገቡ ያቆመዋል። ከመሬት እስከ እያንዳንዱ የሰደርያው ቁልፍ ያለውን ርቀት አስቀድሞ ለክቶ ያውቀዋል፤ ልጁ በየትኛው ቁልፍ ላይ እንደሚደርስ አይቶ ቁመቱን ይይዛል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ማንም ሳያየው፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

አሥር ዓመት ገደማ እንዲህ ሠርቶ ከ5,000 በላይ ፎቶግራፎች ሰበሰበ። ከፎቶው ሥር የሚሰፍረው ጽሑፍ ከፎቶው እኩል ዋጋ ነበረው፤ ፎቶው ያሳዝናል፣ ጽሑፉ ግን ያስከስሳል። በ1916 የወጣውን የሕፃናት ጉልበት ሕግ ፍርድ ቤት በ1918 ሻረው። ዘላቂው የፌዴራል ሕግ የመጣው በ1938 ነው፤ ሃይን ፋብሪካ ውስጥ መግባት ከጀመረ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በድህነት ላይ ሳለ። ሕጉን ያመጣው ፎቶ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አትመኑት፤ ማኅበራት ነበሩ፣ ሕግ አውጪዎች ነበሩ፣ የኢኮኖሚ ውድቀቱም ነበር። ፎቶዎቹ ያደረጉት፣ ጉዳዩ ሲነሳ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ለማለት እንዳይቻል ነው። ዓላማ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ ሊመኘው የሚችለው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል፣ ትንሽም አይደለም።

ዓላማ ግን ያልቃልም። ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ያን ትቶ ፎቶግራፍ ጀመረ። ረሀብን፣ ስደትን፣ ጉልበት ሥራን ሲያነሳ ኖረ። በ1994 ከሩዋንዳ እልቂት በኋላ አካሉም መንፈሱም ታመመ፤ ሐኪሙ ሥራውን እንዲያቆም መከረው። ወደ ወላጆቹ እርሻ ሲመለስ የልጅነቱ ደን ተመንጥሮ መሬቱ ተራቁቶ አገኘው። ደኑን መልሰን እንትከለው የሚለው ሐሳብ የባለቤቱ የሌሊያ ነበር። በ1998 ለዚሁ ተቋም መሠረቱ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተተከሉ። ሳልጋዶም ከዛፎቹ በኋላ እንደገና ካሜራ አነሳ። ሙያው የሰጠውን ዓላማ ሙያው ራሱ ሊጨርሰው እንደሚችል፣ ማገገሚያውም ሌላ ፎቶ ላይሆን እንደሚችል ከእሱ ሕይወት እረዳለሁ። በሙያው ላሉ ወጣቶች ይህን የሚነግራቸው ሰው ጥቂት ነው።

ቪቪያን ማየርንም ሳልጠቅስ ማለፍ አግባብ አይሆንም። ሞግዚት ነበረች፤ ከ100,000 በላይ ፎቶዎች አንስታ ለሰው ሳታሳይ ኖረች። ብዙ ጥቅል ፊልም ሳይታጠብ ተገኝቷል። ፎቶዎቹ ግሩም ናቸው። «ለማን?» ብንላት ምን ትለን ነበር? እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ በእሷ ላይ አይሠራም፣ ባይሠራም ደስ ይለኛል።

ካሜራውን ማቀበል

ከተነሺው ጋር ያለውን ርቀት የማጥፋት ጫፉ፣ ካሜራውን ለራሱ መስጠት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን ቡሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በቻይና ዩናን ግዛት ለ62 የገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጡ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። የየዕለት ኑሯቸውን አነሱ፤ ከዚያ ተሰብስበው የትኛው ፎቶ ለውይይት ይቅረብ ብለው መረጡ፤ ስለ መረጡትም ተናገሩ፤ ሌላ ሰው ጻፈላቸው። በመጨረሻ ፎቶዎቹና ንግግሮቹ ውሳኔ ለሚሰጡ ባለሥልጣናት ታዩ። በአንዱ ፎቶ ሴትየዋ የበቆሎ ማሳ ታርማለች፣ ሕፃኗ ብቻውን በአቅራቢያዋ ተኝቷል። ውጭ ያለ አንሺ ይህን ቢያነሳው የእናትነትና የተፈጥሮ ውበት ብሎ ግድግዳ ላይ በሰቀለው ነበር። ለሴቶቹ ግን ችግር ነው፤ ልጅ የሚጠብቅላቸው የለም። ከውጤቶቹ አንዱም የሕፃናት መዋያ ጉዳይ ባለሥልጣናቱ ፊት መቅረቡ ሆነ።

ዘዴው ዛሬ በብዙ አገሮች በጤናና በማኅበራዊ ሥራ ይሠራበታል። ደካማ ጎኑን ከሚያውቁት አንዱ ነኝ፦ ካሜራው ይታደላል፣ ሥልጠናው ይሰጣል፣ ዐውደ ርዕዩ ይከፈታል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የሚያዳምጥ ባለሥልጣን ከመነሻው ካልተዘጋጀ ሰዎቹ ችግራቸውን ሁለት ጊዜ ኖሩት ማለት ነው፤ አንዴ ሲደርስባቸው፣ አንዴ ሲያነሱት።

አንዴ ብቻ የሚነሳ

መመለስ የማይቻልበት ሥራም አለ። በ2005 በአሜሪካ ኮሎራዶ አንዲት ልጇን ያጣች እናትና አንዲት ፎቶግራፍ አንሺ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። ሞተው ለሚወለዱ ወይም ተወልደው ብዙ ለማይቆዩ ሕፃናት ወላጆች ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆስፒታል ድረስ ሄደው በነፃ ያነሳሉ። ሥራው ባብዛኛው የእጅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ፍላሹን ይተዉታል፤ የመስኮት ብርሃን ይበቃል፣ ከሌለም ለስላሳ መብራት። የሕፃኑን እግር በአባቱ መዳፍ ላይ ያደርጋሉ፤ የጋብቻ ቀለበት አጠገቡ ሲሆን መጠኑን ይናገራል። ፎቶው በጥቁርና ነጭ ይታተማል፤ የቆዳው ቀለም ለወላጅ ዓይን ስለሚከብድ። አንሺው ብዙ አይናገርም፣ ብዙም አይቆይም። ሕፃኑ ስም ካለው በስሙ ይጠራዋል።

ሌሎች ፎቶዎች ትውስታን ያግዛሉ። እዚህ ግን ለትውስታ የሚሆን ሌላ ነገር የለም፤ ፎቶው ሕፃኑ እንደነበረ ማረጋገጫ ነው። ለማን እንደሚነሳም ማንም አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የተነሳውን አለማሳየት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ዩጂን ስሚዝና ባለቤቱ አይሊን በ1971 ወደ ጃፓኗ ሚናማታ ሄዱ። ቺሶ የተባለው ኩባንያ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣው ተመርዞ፣ ዓሣውን የበሉ ሰዎች አካላቸው ተሽመድምዶ ነበር፤ አንዳንዶች በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ። ባልና ሚስቱ ሦስት ዓመት ያህል እዚያው ኖሩ። ከተነሡት ፎቶዎች ሁሉ የገነነው አንዲት እናት በሽታው ያጎበጣትን ልጇን አቅፋ ስታጥብ የሚያሳየው ነው። ፎቶው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው የተነሳው፤ የዓለምንም ዓይን ወደ ሚናማታ አዞረ። ልጅቷ በ1977 አረፈች፣ ስሚዝ በቀጣዩ ዓመት። ፎቶው ግን ሞት ስለማያውቅ በየመጽሔቱ፣ በየመማሪያው፣ በየፖስተሩ መውጣቱን ቀጠለ። ወላጆቿ ልጃቸው አሁን ትረፍ አሉ። በ1998 አይሊን ስለ ፎቶው የመወሰን መብትን ለልጅቷ ወላጆች ሰጠች፤ እንዳይታተምም ተስማማች። የልጅቷን ስም እዚህ ያልጻፍሁት ለዚህ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ውሳኔ ተችተውታል፤ ታሪካዊ ማስረጃ የሕዝብ ነው በሚል። ክርክሩ ተራ አይደለም፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ግን ከአይሊን ጋር ነኝ። ተነሺው አንድ ጊዜ ሲፈቅድ ለዘላለም ፈቀደ ማለት እንዳልሆነ በተግባር ያሳየ ሌላ ሰው ብዙ አላውቅም። ለራሴ ሥራ የያዝሁት ደንብም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፣ አንዴ ሲነሳ፣ አንዴ ሊታይ ሲል።

ዛሬ ፎቶን ለባለቤቱ መመለስ ከመቼውም ይልቅ ቀላል ነው፤ በስልክ በአንድ ደቂቃ ይላካል። ይህም መመለስ ነው፣ አልንቀውም። ሆኖም ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ፎቶው ከሺህ ሌሎች ጋር ይቀበራል። የታተመ ፎቶ ግን ቦታ ይፈልጋል፣ ይሰቀላል፣ ጀርባም አለው። ጀርባው ላይ ቀን፣ ስምና ቦታ ይጻፋል፤ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ቀለሙ ወደ ፊት እንዳያልፍ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀስ ተብሎ።

ለሰዓት ጠጋኙ የገባሁትን ቃል የፈጸምሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ፎቶውን አውጥተው በዓይናቸው አላዩትም። ማጉሊያቸውን ሰክተው፣ የተበላሸ ሰዓት እንደሚመረምሩ አድርገው፣ ከጥግ ወደ ጥግ ሄዱበት። ጥፍራቸው ላይ ቆሙ። መቆንጠጫው ጫፍ ላይ ቆሙ። በጣቶቻቸው መካከል ያለችው ሰዓት ላይ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«የዚህች ሰዓት ባለቤት አልመጣም» አሉ በመጨረሻ። «ሠርቼ ጨርሻታለሁ። አልመጣም።»

መሳቢያቸውን ከፍተው አወጧት። ትሠራለች። ከዚያ ፎቶውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና እርሳስ ሰጡኝ። ቀኑን እንድጽፍ ነው ብዬ ጎንበስ ስል፣ «የእኔን ተወው፤ የእሱን ስም ጻፍ» አሉኝና ፊደሉን አንድ በአንድ ነገሩኝ።